ታጣፊ ምላጭ ስሠራ ያስቸገረኝ እሳቱ አልነበረም

ጢሜን የምላጨው በእጄ በሠራሁት ታጣፊ ምላጭ ነው። ያኛውን ማለቴ ነው፣ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች ከእጀታው ግልጥ አድርገው የቆዳ ቀበቶ ላይ አሸት አሸት የሚያደርጉትን። እዚህ ለመድረስ ብዙ ጥሩ ብረት ጥያለሁ። ከጣልኩት ውስጥ እሳት ያበላሸው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ያለቀለት ገና በሞረድ እየተሞረደ ሳለ ነው፤ ጉዱ የታወቀው ግን ሁሉም ሥራ ካለቀ በኋላ፣ መሳያ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ነው። ለመጀመር ካሰባችሁ ይህ ጽሑፍ ጥቂት ብረትና ብዙ ብስጭት ያተርፍላችኋል ብዬ አስባለሁ።

ቪዲዮዎቹ ሁሉ እሳት ነው የሚያሳዩት። የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ ጭሱ፣ ነበልባሉ። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ያ ክፍል በደቂቃዎች ያልቃል። ምላጭን ምላጭ የሚያደርገው ጀርባው ነው፣ ስለሱ ደግሞ ማንም ብዙ አያወራም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቢላ ስትስሉ ድንጋዩ ላይ ያለውን ማዕዘን የምትወስኑት በእጃችሁ ነው። ምላጭ ግን ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ነው የሚሳለው፣ ጀርባውም አፉም አንድ ላይ ድንጋዩን ይነካሉ። ስለዚህ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ብቻ ነው። ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ጀርባው 5.7 ሚሊሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 16 ዲግሪ ገደማ ይመጣል፤ ጥሩ ነው። ጀርባው ወደ 4 ከወረደ ማዕዘኑ 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ስለቱም ከመሳሳቱ የተነሳ ጢም ሲነካው ይሸራረፋል። 7 ከሆነ ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል፣ ያኔ መላጨቱ ቀርቶ ይጎትታችኋል። ስፋቱን ለጀርባው ስታካፍሉ 3.5 አካባቢ ይምጣላችሁ። ይህን ከዳር እስከ ዳር ጠብቁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ብረት ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ያገለገለ ምላጭ ፈልጋችሁ ያዙ። የእንግሊዟ ሼፊልድና የጀርመኗ ዞሊንገን በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ከተሞች ናቸው፣ የነሱ አሮጌ ምላጭ ዛሬም ከሰው እጅ አልጠፋም። አሜሪካዊው ጂሌት በፈረንጆቹ 1904 በሚቀየር ምላጭ የሚሠራውን መላጫ ፓተንት ካወጣበት ወዲህ ሰው ቀስ በቀስ ወደዚያ ሄደ፣ አሮጌዎቹም መሳቢያ ውስጥ ቀሩ። አንዱን ወስዳችሁ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር ለኩት። ጀርባውን ከተረከዙ (በጅራቱ በኩል ካለው ዳር)፣ ከመሀሉ፣ ከጫፉ ለኩ። ከዚያ መሳልም መላጨትም በሱ ተማሩ። ይህን ዘልዬ ነው የጀመርኩት፣ ዋጋውንም ከፍያለሁ፤ የሠራሁት አልላጭ ሲል ጥፋቱ የብረቱ ይሁን የመሳሌ ወይስ የአላጫጨቴ፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። በደንብ የሚላጭ አንድ ምላጭ እጃችሁ ላይ ካለ ቢያንስ ሁለቱን ጥርጣሬ አስወገዳችሁ ማለት ነው።

ወደ ብረቱ ልምጣ። ለጀማሪ 1084 የሚባለውን ስቲል እመክራለሁ። 0.84 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፣ ለእሳት ስህተት ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። ኦ1 የሚባለውም ግሩም ብረት ነው፣ ብዙ ምላጭ ሠሪ ይወደዋል፣ ግን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ደቂቃዎች ቆይቶ ነው በደንብ የሚጠነክረው። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃ ከሌላችሁ ያንን መጠበቅ ከባድ ነው። የኩሽኔታ ስቲልም እንደዚያው ነው። የመኪና ባሌስትራ ለቢላ ይሆናል፣ ለምላጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ያንሳል። አሮጌ ሞረድ? ይሆናል፣ ግን አንዳንዱ ሞረድ ላዩ ብቻ ነው ጠንካራ፣ ውስጡ ተራ ብረት ነው። ደግሞ የጥርሶቹ ቦይ አንድም ሳይቀር ካልጠፋ ዘይት ውስጥ ሲገባ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በነፃ የተገኘ ብረት ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ምንነቱ የማይታወቅ ብረት ላይ ሳምንታት ከለፋችሁ በኋላ አልጠነክርም ቢል ማንን ትጠይቃላችሁ?

6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ውሰዱ። ቅርጹን ካርቶን ላይ አውጡ፣ ቆርጣችሁ እጃችሁ ላይ ያዙት፣ ጅራቱ፣ ማለትም ከስለቱ ወደ ኋላ የሚተርፈው መያዣ፣ ለጣታችሁ ይመች እንደሆነ እዩ። ከዚያ ብረቱ ላይ በማርከር አውርዱት። በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ በሞረድ አስተካክሉ። ሞርሳው ጠንካራ ይሁን፣ የሚንቀጠቀጥ ሞርሳ ጨዋታውን ሁሉ ያበላሻል። የእጀታው ሚስማር የሚገባበትን ቀዳዳ አሁኑኑ ብሱ። ብረቱ ከጠነከረ በኋላ ተራ ድሪል አይበሳውም፣ ጫፉን ይበላዋል እንጂ።

አሁን አንድ መስመር ማስመር አለባችሁ። የስለቱን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ማርከር ቀቡትና ልክ መሀሉ ላይ በሹል ነገር ጫሩበት። ከሁለቱም ጎን ስትሞርዱ ወደዚህ መስመር ነው የምትቀርቡት። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አያዋጣም። ከዚህም ጥቂት፣ ከዚያም ጥቂት፣ እየተገላበጠ። አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ከተበላ ብረቱ እሳት ሲያገኝ ወደ አንድ ወገን ይጠማል፣ ደግሞ አይቀርም።

ማሽን ከሌላችሁ በሞረድ ብቻ ይሠራል። ምላጩን ሳንቃ ላይ አስሬ፣ ሞረዱን ቀጥ ካለ ዘንግ ጋር አጣብቄ፣ ዘንጉን ከፊት ለፊት ባለ ቀለበት አሳልፌ ነው የሞረድኩት። የቀለበቱ ከፍታ ማዕዘኑን ይይዝላችኋል። እጅ ብቻውን ይዋዥቃል። የጀርባውን ሁለት ጠርዝ እንዳትነኩ ግን አደራ። ፊቱ፣ ማለትም በጀርባውና በስለቱ መሀል ያለው ጎን፣ ከጀርባው ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ድንጋይ ላይ ፊቱ በሙሉ ስለሚነካ ስትስሉ ትከርማላችሁ። በጎማ የሚዞር ማሽን ካላችሁ ደግሞ የጎማው ክብነት ራሱ ፊቱን ይጎደጉደዋል። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ ከእያንዳንዱ ጎን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያጎደጉደው፣ 10 ሴንቲሜትሩ እጥፉን። ለመጀመሪያ ትልቁን ተጠቀሙ። ትንሹ ጎማ ቀጭንና የሚያምር ምላጭ ያወጣል፣ ግን አፍታ ሳትጠነቀቁ ስለቱ አጠገብ በልቶ ይጨርስባችኋል። በሚዞር ማሽን ላይ ጓንት አታድርጉ፣ ይጎትታችኋል። መነጽርና ጥሩ ማስክ ግን የግድ ነው። የብረት ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም።

ከእሳት በፊት ስለቱን አታሳሱት። 1 ሚሊሜትር ገደማ ይቅር። እዚህ ላይ ስንቱን እንደጣልኩ! ቶሎ ቀጭን ሆኖ ማየት ያጓጓል፣ በዚያ ላይ ለስላሳ ሳለ መሞረዱ ይቀላል። ግን 0.3 ሆኖ ዘይት ውስጥ የገባ ስለት እንደ ድንች ጥብስ ተጣሞ ነው የሚወጣው። ሲብስም ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ የምትሰሙት ቀጭን «ጢን» የሚል ድምፅ አለ። ያንን ከሰማችሁ ሌላ ብረት ቁረጡ፣ መፍትሔ የለውም።

እሳቱን ደጅ ወይም በር በተከፈተበት ቦታ አንድዱ። ከሰልና ወናፍ ይበቃል፣ ጋዝም ይሆናል። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ የጋለ ብረትን ቀለም መለየት አይቻልም። ማግኔት አጠገባችሁ አኑሩ። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ለ1084 ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ግን ወደ ዘይት አትሂዱ። እዚያ ድረስ አግላችሁ አየር ላይ ይቀዝቅዝ። ድገሙት፣ በየዙሩ እሳቱን ትንሽ እየቀነሳችሁ። በመጋዝና በሞረድ የተጨናነቀው ብረት የሚረጋጋው በዚህ ነው። ይህንን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ የሚጠምብኝ በግልጽ ቀንሷል። አየር ላይ እያለ ከጠመመም ደግ ነው፣ ለስላሳ ስለሆነ ይቃናል።

ዘይቱ ተራ የምግብ ዘይት ሊሆን ይችላል። 50 ዲግሪ አካባቢ ሞቅ ይበል፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ዕቃው ብረት ይሁን፣ ጥልቅ ይሁን፣ ክዳንም ይኑረው። ነበልባል ሲነሳ ክዳኑን ግጥም ታደርጋላችሁ፣ ያፍነዋል። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ደፍቶ የሚተርፍ የለም። ምላጩን ጅራቱን በጉጠት ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ካወዛወዛችሁት በስለቱ አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ይሁን። ወደ ጎን አታንቀሳቅሱት፣ አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጠማል።

ሲወጣ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል። ቅርፊቱን ጥቂት ፍቁና በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ሳይዝ ሸርተት ካለ ጠንክሯል። ላዩን ብቻ ነክታችሁ ከያዘ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ እሳቱ የላዩን ካርቦን በልቶት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጠለቅ ብላችሁ ሞክሩ። አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ነገር ከእጃችሁ ቢያመልጥ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው። ስለዚህ ለነገ አታሳድሩት። በዚያው ሰዓት ኦቭን ውስጥ በ200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። የተወለወለ ቦታው ፈዛዛ ቢጫ ይይዛል። የቤት ኦቭን 200 ብሎ የሚያሳያችሁን አትመኑት፣ ሙቀቱ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። የተለየ ቴርሞሜትር አስገቡ፣ ምላጩን ደግሞ አሸዋ በሞላ ትሪ ውስጥ ቅበሩት፣ አሸዋው መዋዠቁን ያረጋጋል። ትንሽ ከጠመመ ቀጥ ካለ ብረት ጋር አስራችሁ ወደ ሁለተኛው ዙር አስገቡት፣ አንዳንዱ በዚያው ይቃናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሞረድ በማይነካው ብረት ላይ ነው፣ ስለዚህ በማሽን፣ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት። ሁለተኛው ትከሻ ይሰብራል ግን ብረት አያቃጥልም። በማሽን ከሆነ በባዶ እጅ ያዙት። ጣታችሁ መታገስ ያቃተውን ሙቀት ብረቱም አይወደውም። በየጊዜው ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ እዚያ ቦታ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፣ ጥንካሬውም ሄዷል። ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ይቻላል፣ ጥንካሬውን ግን አይመልሰውም። ስለቱ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ አቁሙ። የቀረውን ድንጋይ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ እኔን ያደከመኝ ቦታ ይኸው ነው። በጣም የሚያምር፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ምላጭ ሠርቼ ድንጋይ ላይ አወጣሁት። አልሳል አለ። ከተረከዙ ይቆርጣል፣ ከመሀሉ ምንም። ድንጋዩን ጠረጠርኩ፣ ሌላ ድንጋይ ገዛሁ። ብሶብኝ ብረቱን ሳልኩ ሳልኩ፣ ጀርባው እየተበላ ሄደ። በመጨረሻ ስለቱንም ጀርባውንም በማርከር ቀብቼ ድንጋዩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብኩት። በአንዱ ፊት ቀለሙ ከተረከዝና ከጫፍ ጠፍቶ መሀሉ ላይ ቀርቷል። ገልብጬ ሳየው መሀሉ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ አለ። ጠሟል ማለት ነው፣ ዓይን በማያየው መጠን። ካሊፐር ሳወጣ ደግሞ ጀርባው ተረከዙ ላይ 5.9፣ ጫፉ ላይ 5.1። ስፋቱ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። አንድ ምላጭ ላይ ሁለት ማዕዘን! መወልወል ሲያምረኝ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ጫፉን ስበላው ነበር የከረምኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሥራዬ ቅደም ተከተል ተለወጠ። ማርከርና ካሊፐር ከመሳያ ድንጋዩ ወደ መጀመሪያው ቀን ተሻገሩ። ከእሳት በፊት፣ ከእሳት በኋላ፣ ከውልወላው በፊትና በኋላ ጀርባውን በሦስት ቦታ እለካለሁ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ካለፈ ሌላ ሥራ አልጀምርም፣ እሱን አስተካክላለሁ። ጀርባውን ስወለውል ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፌ ምላጩን እስባለሁ እንጂ ወረቀቱን በጣቴ ይዤ አልፈትግም። አሰልቺ ነው። ግን በዚህ መንገድ የሠራኋቸው ድንጋይ ላይ ሲወጡ አይከራከሩኝም።

ስለ እጀታው ብዙ አልልም፣ ከብረቱ በኋላ እረፍት ነው። 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የእንጨት ሽፋኖች፣ ቀጭን የናስ ሽቦ፣ ትናንሽ ሮንዴላ። ወሳኙ ከታች ሁለቱን ሽፋኖች የሚለያየው ሽብልቅ ነው። ወደ ውስጥ እየሳሳ ይሂድ፣ ያኔ ሽፋኖቹ ምላጩን ቀስ ብለው ይይዙታል። የብዙዎቹ የድሮ ምላጮች ሽብልቅ ከእርሳስ ብረት ነበር፣ መርዝ ስለሆነ ተዉት። ሴሉሎይድም አያዋጣም፣ እያረጀ ሲሄድ የሚያወጣው ትነት ምላጩን ያዝገዋል። ናሱን በመዶሻ ከመቀጥቀጣችሁ በፊት በቀጭን ብሎን አስራችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት። ስለቱ መሀል ይገባል? የእጀታውን ግድግዳ ይነካል? ሁሉም ካማረ በኋላ ናሱን አስገቡና በትንሽ መዶሻ ቀስ ቀስ፣ እያገላበጣችሁ። በአንድ ኃይለኛ ምት ልጨርስ ያለ ሽቦውን ውስጡ አጥፎ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

መሳሉን በ1000 ቁጥር ድንጋይ ጀምሩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። ድንጋዩ ራሱ ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጡ፣ መሀሉ የጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አያወጣም። ጀርባው እንዳይበላ ቴፕ የሚለጥፉ አሉ፣ እኔም እለጥፋለሁ፣ ግን ከለጠፋችሁ እስከ መጨረሻው ይሁን፣ መሀል ላይ ካነሳችሁት ማዕዘኑ ይቀየራል። በ1000ው ላይ የክንዳችሁን ፀጉር ከዳር እስከ ዳር እስኪላጭ ድረስ ወደ ሌላ አትለፉ። እዚህ የቀረ ጉድለት በ4000፣ በ8000፣ በ12000 አይስተካከልም፣ ያብረቀርቃል እንጂ። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ እጃችሁን አቅልሉ፣ መጨረሻ ላይ የምላጩ ክብደት ብቻውን ይበቃል። ከዚያ ንጹሕ የቆዳ ቀበቶ ላይ ሳቡት፣ ጀርባውን አስቀድማችሁ፣ ስለቱ እየተከተለ። ስትገለብጡት በጀርባው ላይ ይዙር። በስለቱ ካዞራችሁት ቆዳውም ይቆረጣል፣ ስለቱም ይሞታል።

ፊታችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት የጫፉን ሹል ጥግ ድንጋይ ላይ ነካ አድርጋችሁ አዶልዱሙት። ጆሮ የሚቆርጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ጉንጫችሁን ብቻ ላጩ፣ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ፣ ቆዳውን ወጠር አድርጋችሁ፣ ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ሆኖ። አገጭና ከንፈር ዙሪያው ለሌላ ቀን ይቆይ። የሚጎትት ከሆነ አትግፉ፣ ወደ ቆዳ ቀበቶው፣ ካልሆነም ወደ ድንጋዩ መልሱት።

ስትጨርሱ እጠቡት፣ አድርቁት፣ የናሱ ዙሪያ ያለውን እርጥበት በቀጭን ጨርቅ አውጡ። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ወዲያው አትጠፉት፣ ትንሽ ተከፍቶ ይቆይ። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ይበቃል። ጓደኛ ልሞክረው ብሎ ቢጠይቃችሁ ደግሞ አይሆንም በሉት። ደም የነካ ምላጭ በሽታ ያስተላልፋል፣ ከፈለገ ሌላ ሥሩለት።